የአገርን ዕፅ በማኅበር መማር ለሊቅ ይገባልን?

የመጽሐፍ ትምህርት በጉባኤ እንጂ በስውር እንደማይገኝ የቤተ ክርስቲያን ልጅ ሁሉ ያውቃል። ዜማው ከመሪጌታው አፍ ወጥቶ በተማሪው ጆሮ ይገባል፤ ቅኔው በተማሪዎች ፊት ተነግሮ ይነቀፋል ወይም ይመሰገናል፤ ትርጓሜውም መምህሩ በመካከል ተቀምጦ፥ አንዱ እያነበበ ሌሎቹ እየሰሙ ይሄዳል። ብቻዬን ተምሬ ሊቅ ሆንሁ የሚል ሰው ቢነሣ፥ ከማን ተማርህ ማንስ አስመሰከረህ ተብሎ ይጠየቃል እንጂ ወንበር አይሰጠውም። ስለ ዕፅዋት ዕውቀት የሆነ እንደ ሆነ ግን ሥርዐቱ ተገልብጦ ይገኛል። ቅጠል የሚያውቅ ሰው ጉባኤ አይዘረጋም፤ ሥር ሊምስ ሲሄድ ሰው እንዳያየው ገና ሳይነጋ ይወጣል፤ ከልጆቹም ለአንዱ ብቻ፥ ያውም ሊሞት ሲያጣጥር ይነግረዋል። ያ ልጅ በሩቅ አገር ሳለ ሞት የቀደመ እንደ ሆነ፥ ዕውቀቱ ከባለቤቱ ጋራ ይቀበራል።

ስለዚህ እንዲህ ያለ ጥያቄ ይነሣል። ጥቂት ሰዎች፥ ደመወዝ ሳይከፈላቸው በፍቅር ብቻ፥ ስለ አገራቸው ዕፅዋት ሊማማሩ ማኅበር ቢያቆሙ፥ ካህን ወይም የተማረ የከተማ ሰው ከዚያ ገብቶ እንደ ተማሪ ሊቀመጥ ይገባዋልን? ወይስ ይህ ለሥራ ፈት የተተወ ጨዋታ ነው? ጥያቄው ሲሰሙት ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን የሊቁን ክብርና የአገሩን ሀብት በአንድነት ይነካልና በቀላሉ አይታለፍም።

መልሱን ከመፈለግ በፊት በኢትዮጵያ ዕፅዋት ላይ የሆነውን አንድ ታሪክ ማስታወስ ይጠቅማል። በጀርመን አገር ኤስሊንገን በምትባል ከተማ በ1825 ዓ.ም. (በዚህ ጽሑፍ ያለው ዓመተ ምሕረት ሁሉ በፈረንጅ አቈጣጠር ነው) ሁለት ሰዎች አንድ ማኅበር አቆሙ። አንደኛው ሽቶይደል የተባለ ሐኪም ነበረ፤ ሁለተኛው ሆክሽቴተር የተባለ፥ ነገረ መለኮት የተማረ የፕሮቴስታንት ቄስና መምህር ነበረ። የማኅበሩም ሥራ እንዲህ ነበረ፤ አባሎቹ ገንዘብ ያዋጣሉ፥ በተዋጣውም ገንዘብ ዕፅ የሚሰበስብ ሰው ወደ ሩቅ አገር ይላካል፥ እርሱም አድርቆ የሚሰደውን ቅጠልና አበባ አባሎቹ ይካፈሉታል። ከተላኩት ሰዎች አንዱ ዊልሄልም ሺምፐር ነው። ይህ ሰው በ1837 ወደ ትግራይ ገባ፤ በዚያው አገባ፥ ወለደ፤ ዕድሜውን ቅጠል ሲያደርቅና ሲልክ ኖሮ በ1878 በዓድዋ ሞተ።

ከዚህ የተነሣ በኢትዮጵያ ተራራዎች ከሚበቅሉት ከብዙዎቹ ዕፅዋት የላቲን ስም አጠገብ የዚያ ቄስ ስም ባጭሩ ተጽፎ ይገኛል። በየደብሩ ቅጥር የሚታየው የሐበሻ ጥድ በሊቃውንተ ዕፅዋት ዘንድ ዩኒፔሩስ ፕሮቼራ ሲባል ስሙን ያወጣለት ሆክሽቴተር ነው። ብሳናም ክሮቶን ማክሮስታኪዩስ ሲባል እንዲሁ ነው። የኢትዮጵያን ምድር ያልረገጠ የባዕድ አገር ቄስ፥ የኢትዮጵያ ካህናት ጥላውን ሲጠለሉበት ለኖሩት ዛፍ በዓለም ሁሉ የሚጠራበትን ስም ሰጠው ማለት ነው።

ይህን የሚሰማ ካህን ቢቈጭ አይፈረድበትም። ነገር ግን ቁጭቱን በቄሱ ላይ የሚያደርግ ሰው አቅጣጫውን ስቷል። ያ ቄስ የማንንም ምስጢር አልሰረቀም፤ በአደባባይ ለቆመ ዛፍ ስም ጻፈ፥ ለወዳጆቹም አካፈለ። ይልቅስ የሚያስቈጨው በዛፉ ሥር የነበሩት ያላወቁ ሰዎች አለመሆናቸው ነው። ያውቁ ነበር። እረኛው የትኛው ፍሬ እንደሚበላ፥ አናጢው የትኛው ግንድ ምስጥ እንደማይደፍረው፥ እመቤቲቱ ለጠላዋ ጌሾ መቼ እንደሚቈረጥ፥ ደብተራው የትኛው ሥር ለየትኛው ሕማም እንደሚሆን ያውቁ ነበር። ዕውቀቱ ግን በየጐጆው ተከፋፍሎ ተቀመጠ እንጂ አንድ ቀን በአንድ ምንጣፍ ላይ አልተገናኘም። የኤስሊንገን ሰዎች ከኢትዮጵያ ሰዎች የበለጡት በዕውቀት አልነበረም፤ በማዋጣት ነበር።

መካፈልም የሚያስገኘውን ሌላ ጥቅም ዘመን ገልጾታል። በ1943 በታላቁ ጦርነት በርሊን በአውሮፕላን ስትመታ፥ ደረቅ ዕፅ የሚጠበቅበት የዚያች ከተማ ታላቅ ቤት ተቃጠለ፤ ከዓለም ዙሪያ የተሰበሰበው ብዙ ቅጠል ዐመድ ሆነ። ሺምፐር የላከው ዕፅ ግን ተባዝቶ በብዙ ከተማ ተበትኖ ነበርና በበርሊን የነበረው ሲጠፋ በሌላው ስፍራ የነበረው ተረፈ።

እንዲህ ያለ ማኅበር ባለ ጊዜና ባለ ገንዘብ ለሆነ ሰው ብቻ ነው የሚል ሊኖር ይችላል። ለእርሱ ደግሞ በእንግሊዝ አገር በማንቸስተር ዙሪያ የነበሩትን ሸማኔዎች ማንሣት ይበቃል። በ19ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ በዚያ አገር ሸማኔዎች፥ ጫማ ሰፊዎችና የቀን ሠራተኞች ስለ ሰፈራቸው ዕፅ ለመማር ማኅበር ነበራቸው፤ ከጥቂት ገቢያቸው ሳንቲም እያዋጡ መጽሐፍ ይገዙና በተራ ይዋዋሱ ነበር። ከነርሱ አንዱ ጆን ሆርስፊልድ የተባለ የእጅ ሸማኔ የዕፅዋትን ክፍል በወረቀት ጽፎ ከሽመና ዕቃው ቋሚ ላይ ለጠፈው፤ እየሸመነ ቀና ባለ ቍጥር እንዲያጠናው ነው። ይህ ሰው በኋላ ፕሬስትዊች በሚባል ስፍራ ለነበረው ማኅበር አለቃ ሆኖ ብዙ ዘመን ኖረ። ስብሰባቸው በሰንበት ቀን፥ ያውም በመጠጥ ቤት ነበረ፤ ድኾች ሌላ አዳራሽ እንዳልነበራቸው ቢታወቅም ይህን ነገራቸውን ማንም ካህን አያመሰግነውም። የትምህርታቸው አሠራር ግን ሊመሰገን ይገባዋል። ያመጡትን ዕፅ ሁሉ በገበታ ላይ ያኖሩታል፤ አለቃው አንዱን ያነሣና ስሙን በግራው ለተቀመጠው ይነግረዋል፤ ያም ቅጠሉን ከነስሙ ለሚቀጥለው ያቀብለዋል፤ እንዲህ እያሉ ቅጠሉና ስሙ አብረው ቤቱን ይዞራሉ። ከዜማ ቤት የወጣ ሰው ይህን ሲሰማ እንግዳ አይሆንበትም። ሸማኔ ተብሎ ይናቅ በነበረበት አገር ለሚኖር ሊቅ ግን ጥቂት የሚያሳፍር ነገር አለበት።

አንዳንድ ሰው ካህን የሰማዩን ነገር ያስተምር እንጂ ከሣር ጋራ ምን አለው ይላል። ይህን የሚል ሰው የራሱን መጽሐፍ ረስቷል። ሰሎሞን ጥበቡ በተቈጠረለት ስፍራ፥ ከሊባኖስ ዛፍ ጀምሮ በግድግዳ ላይ እስከሚበቅለው እስከ ሂሶጵ ድረስ ስለ ዕፅዋት መናገሩ አብሮ ተቈጥሮለታል። አዳምም ለእንስሳትና ለአዕዋፍ ስም ማውጣቱ በኦሪት ተጽፏል፤ ለዕፅዋት ስም አወጣ የሚል ግን በዚያ ስፍራ አልተጻፈም። ይህን የአዳም ልጆች ድርሻ አድርጎ መተርጐም ለሚወድ ሰው በሩ ክፍት ነው። ሌላው ቢቀር ጌታ ስለ መብልና ስለ ልብስ የሚጨነቁትን ሰዎች ሲያስተምር የሜዳን አበባ ልብ ብለው እንዲያዩ አዘዛቸው። ልብ ብሎ ማየት ደግሞ በሩጫ አይሆንም።

የቤተ ክርስቲያንም ዓመት ራሱ በዕፅ የተከበበ ነው። በመስቀል ደመራ ዐደይ አለ፤ በሆሣዕና ዘንባባ አለ፤ በስቅለት ምእመናን የሚጠበጠቡት በወይራ ቅጠል ነው፤ በቀዳም ሥዑር ካህኑ የሚያድለው ቄጠማ ነው። ከበሮው ከዋንዛ ግንድ ይፈለፈላል፥ ብራናው በመቃ ብዕር ይጻፋል። ከሁሉ ይልቅ ግን የጽጌ ወር አለ። ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ቀን 40 ቀን ሙሉ መዘምራኑ ሌሊት ቆመው በአበባ እየመሰሉ እመቤታችንንና ልጇን ያመሰግናሉ። ማኅሌቱ አልቆ ሲነጋ መዘምሩ በቅጥሩ በር ይወጣል፤ ልብሱን በጤዛ የሚያርሰው ቢጫው አበባ ዐደይ መሆኑን ያውቃል፤ ከዐደይ ጋራ ተጠጋግተው የቆሙትን ዐሥሩን ግን ሣር ብሎ ያልፋቸዋል። ሌሊቱን በሙሉ አበባ ሲል አድሮ ጧት አበባ የማይለይ ሰው ምን ይባላል?

በቅኔም በኩል ቢታይ ነገሩ ይብሳል። ቅኔ የሚቈጥር ተማሪ ከጐጆው ወጥቶ በዛፍ ሥር ብቻውን መቀመጡ የቈየ ልማድ ነው። ወርቁ የሚሰወርበት ሰም በውኑ ካለ ነገር ይወሰዳል። ወይራ በዝግታ አድጎ እንደሚጠነክር፥ ዋንዛ ለመፈልፈል እንደሚመች፥ ኮሶ ከደጋ ወርዶ እንደማይበቅል በዓይኑ ያየ ባለቅኔ ሰሙን ከራሱ ዓይን ያመጣል። ያላየው ግን ከቀደመ ባለቅኔ ይበደራል፤ የተበደረውም ሰም ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ እየሳሳ ይሄዳል፥ በመጨረሻም ወርቁ የሚያርፍበት ያጣል። በዚህ ዘመን በከተማ የሚሰማው ቅኔ ስለ ዛፍ ሲናገር ዛፍ ብቻ ማለቱ፥ የትኛው ዛፍ እንደ ሆነ አለመናገሩ፥ ከዚህ የመጣ ነው።

ስምን አለማጥራት በስብከትም ላይ ስሕተት ያመጣል። በግእዙ አርዝ የተባለው የሊባኖስ ዛፍ በአማርኛው መጽሐፍ ዝግባ ተብሎ ተተረጐመ። የኢትዮጵያ ዝግባ ግን ከዚያ የተለየ ነው፤ በወገንም አይገናኙም። ተርጓሚዎቹ አይነቀፉም፤ ረዥምና ግርማ ያለው ዛፍ ሲፈልጉ ሕዝቡ የሚያውቀውን ሰጡት። ሰባኪው ግን ሰሎሞን ቤተ መቅደሱን ያነጸበት ይህ በደብሩ ቅጥር ያለው ነው ብሎ ቢያስተምር ስሕተቱ የእርሱ ነው። የፈረንጅ ጥድ የሚባለውም ከሜክሲኮና ከአካባቢዋ የመጣ ዛፍ ሲሆን፥ በከተማ የተወለደ ሰው ዛሬ ጥድ ሲባል የሚያስበው እርሱን ነው፤ የሐበሻውን ጥድ ባየው ጊዜ ስሙን ይጠይቃል። ባሕር ዛፍ እንኳ ስሙ ስለሚያጋልጠው ይሻላል። በዐፄ ምኒልክ ዘመን ከባሕር ማዶ መጥቶ አዲስ አበባን ከማገዶ ችግር ያወጣ ዛፍ ነውና ስድብ አይገባውም፤ በደብር ቅጥር ውስጥ የወይራውን ስፍራ ሲይዝ ግን ዝም ሊባል አይገባም።

ጉዳቱ የሚታየውም እዚህ ላይ ነው። በሰሜን ኢትዮጵያ በብዙ ስፍራ እርሻው ሁሉን ከጠረገ በኋላ የአገሩ ደን የቀረው በአብያተ ክርስቲያናቱ ዙሪያ ብቻ ነው። በደቡብ ጎንደር አንዳንድ አድባራት ከብት እንዳይገባ ከማሳው የተለቀመ ድንጋይ ክበው ደናቸውን አጥረዋል፤ የታጠረውም ቡቃያ አብቅሏል። በሌላው ስፍራ ግን የሰበካው ጉባኤ አዳራሽ ሊሠራ ሲያስብ ዛፉን በጣውላ ቍጥር ይተምነዋል። ስሙን የማያውቁትን ነገር በዋጋው ብቻ ማወቅ ቀላል ነው። በዚያ ጉባኤ መካከል አንድ ሰው ተነሥቶ ይህ ዝግባ ነው፥ በዚህ ወረዳ ከዚህ ሌላ አልቀረም ብሎ የሚናገር ቢገኝ ውሳኔው ሊለወጥ ይችላል። ይህን የሚናገር ሰው የሚገኘው ግን ቀድሞ ወረዳውን ከባልንጀሮቹ ጋራ ዞሮ ያየ ሲኖር ነው፤ አንድ ሰው ብቻውን ሁሉን አይዞርምና።

አሁን ወደ ምስጢር ጠባቂዎቹ መመለስ ይገባል፤ እነርሱ ያለ ምክንያት አልተነሡምና በንቀት ሊታለፉ አይገባም። ኮሶ ለኮሶ ትል መድኃኒት ነው፤ ከመጠን ያለፈ እንደ ሆነ ግን ሰውን ይጐዳል። የእንዶድ ፍሬ ልብስ ያነጻል፤ የጠጣውን ግን ሊገድል ይችላል። እንዲህ ያለውን ነገር ለልጅም ለችኩልም መዝራት ኀጢአት ነው ይላሉ፤ እውነታቸውን ነው። ደግሞም የአንድ ሥር ዝና በገበያ በወጣ ጊዜ ሥሩ ከተራራው እስኪጠፋ ይነቀላል ይላሉ፤ ይህም እውነት ነው። ባዕድ ሰው የአገርን ሀብት ይወስደዋል ብሎ መፍራታቸውም ከንቱ አይደለም። አንድ የሆላንድ ኩባንያ ጤፍን ስለ መፍጨትና ከዱቄቱ ስለሚሠራው ምግብ በ2007 በአውሮፓ የባለመብትነት ወረቀት ተሰጥቶት ነበር፤ በ2018 በሔግ ያለው ፍርድ ቤት አዲስ ፈጠራ የለበትም ብሎ መብቱን በሆላንድ እስኪሽረው ድረስ።

ነገር ግን የጤፉ ነገር የሚያስተምረው ከተፈራው ተቃራኒውን ነው። ያ መብት ሲሻር ተከራካሪን የጠቀመው ነገሩ ስውር መሆኑ አልነበረም፤ ቀድሞ የታወቀ ነገር አዲስ ፈጠራ ሊባል አለመቻሉ ነው። በአንድ ሽማግሌ ልብ ብቻ የተቀመጠ ዕውቀት በተወሰደ ጊዜ ግን ማን ይመሰክርለታል? ስለ መርዙና ስለ መጠኑም ቢሆን፥ ሰውን የሚጐዳው የዕፁን ስም ማወቅ አይደለም። ከአባቱ ግማሹን ሰምቶ ግማሹን በግምት የሚሞላ፥ የሚያርመውም ጉባኤ የሌለው ባለ መድኃኒት ከዚህ ይልቅ ያስፈራል። እንግዲህ ስምና አገባብ ሊለዩ ይገባል። ዕፁ ማን እንደ ሆነ፥ የት እንደሚበቅል፥ መቼ እንደሚያብብ፥ ስንት እንደ ቀረ ማወቅ የሁሉ ነው፤ በማንም ላይ ጉዳት አያመጣም። እንዴት እንደሚወሰድና ለማን እንደሚሰጥ ግን የተፈተነ ሰው ሥራ ነው፤ ይህን በማኅበር ምንጣፍ ላይ መዝራት አያስፈልግም። ምስጢር ጠባቂዎች ሁለተኛውን ሊጠብቁ ብለው የመጀመሪያውን አብረው ቈለፉት፤ ጥፋታቸው ይህ ነው።

በስም ብቻ የተጀመረ ትውውቅ ምን ያህል እንደሚያደርስም የእንዶድ ታሪክ ያሳያል። በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ በዓድዋ ሴቶች ልብስ በእንዶድ ከሚያጥቡበት ስፍራ በታች በወንዙ ውስጥ የቀንድ አውጣ ሬሳ በዝቶ አዩ። ያ ቀንድ አውጣ የቢልሃርዝያን ተውሳክ የሚያሳድር ነው። አጣቢዎቹ እንዶድን ከጥንት ያውቁታል፥ ሐኪሞችም ቀንድ አውጣውን ያውቁታል፤ ሁለቱ ዕውቀት ተለያይተው ይኖሩ ነበር። የተገናኙት የተማረ ሰው አጣቢዎች ወዳሉበት ወንዝ ወርዶ ልብ ብሎ ስላየ ነው።

የቀረው ከባዱ ነገር ነው፤ ይኸውም መውረዱ። ከደብተራው ዘንድ ዕፀ ደብዳቤ አለ፤ የዕፁን ስም ከነገቢሩ ያነባል፥ ከሜዳ ቢያወጡት ግን ብዙ ጊዜ ቅጠሉን አይለየውም። ከዩኒቨርሲቲው ዘንድ በ1980 ተጀምሮ በ2009 የተፈጸመው የኢትዮጵያና የኤርትራ ዕፅዋት መጽሐፍ አለ፤ ወደ 6000 የሚጠጉ ዕፅዋት ተዘርዝረውበታል፥ ከዐሥሩም አንዱ ያህል ከዚህ ምድር በቀር በሌላ አይገኝም፤ ነገር ግን በእንግሊዝኛ የተጻፈ ነው፥ የደብሩም አለቃ አያነበው። ከእንጦጦ ማገዶ ተሸክማ የምትወርደው ሴት ደግሞ አንድም መጽሐፍ የላትም፤ የትኛው እንጨት እንደሚጨስ፥ የትኛው ፍም እንደሚያሳድር፥ የትኛው ቅጠል እጅ እንደሚያሳክክ ግን ከሁለቱ ይልቅ ታውቃለች። እነዚህ ሦስቱ በአንድ ምንጣፍ ቢቀመጡ፥ መጽሐፍ የቈጠረው ሊቅ መጽሐፍ ያላየችውን ሴት እሜቴ፥ ይህ ምን ይባላል ብሎ ሊጠይቅ ግድ ይሆንበታል። ብዙ ሊቃውንት ከማኅበር የሚቀሩት ጊዜ ስላጡ አይደለም፤ ይህን ቃል መናገር ስለ ከበዳቸው ነው። በቅኔ ቤት ከልጅ ጋራ ተቀምጦ የተማረ ሽማግሌ ግን ይህን ትሕትና ከጥንት ያውቀዋል፥ አዲስ ነገር አይጠየቅም።

ወደ ማኅበር የሚገባ ሁሉም ለትምህርት አይገባም፤ ለመታየት የሚገባም አለ። አበባ ነቅሎ በደረቱ ሰክቶ ፎቶግራፍ የሚነሣ፥ ብርቅ ዕፅ ባየ ጊዜ ለጓሮው የሚመነግል፥ የላቲን ስም አጥንቶ ገበሬውን የሚያፍርበት ሰው ከማኅበሩ ቢቀር ይሻላል። ስለዚህ የመጀመሪያው ሥርዐት ከአንድ ቅርንጫፍ በላይ አለመቍረጥ፥ ከጥቂት የቀረውንም ጨርሶ አለመንካት ሊሆን ይገባል።

ለመጀመር ግን ብዙ ነገር አያስፈልግም። በጽጌ ወር ከማኅሌት በኋላ አምስት ወይም ስድስት ሰዎች የደብራቸውን ቅጥር ቢዞሩ፥ ያዩትን በደብተር ቢጽፉ፥ ያልታወቀውን ለሰፈሩ ሽማግሌ ቢያሳዩ በቂ ነው። በአዲስ አበባ ላሉት በእንጦጦ ሥር ከ700 ሄክታር በላይ የሆነው የጉለሌ የዕፅዋት ማእከል አለላቸው፤ በዩኒቨርሲቲውም የደረቀ ዕፅ የሚጠበቅበት ቤት አለ። ከዚህ ሁሉ መካከል አንድ አስቸጋሪ ነገር መድረሱ አይቀርም። አንድ ሸምገል ያለ መድኃኒት አዋቂ መጥቶ ቅጠሉን በገበታው ላይ ያኖርና ስሙን ብቻ ነግሮ ጥቅሙን ይሰውራል። ወጣቶቹ ንገረን ብለው ሊያስጨንቁት ይፈልጋሉ። ማኅበሩ ግን ሊያስገድደው አይገባም፤ ስሙን፥ የበቀለበትን ስፍራና ያበበበትን ወር ይጽፋል፤ የቀረውን ለሽማግሌውና ለንስሐ አባቱ ይተዋል።